ነቀርሳን በሳንባ ውስጥ የሚያስሩ ፕሮቲኖች

ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን አምጪ ባክቴርያ እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ላይ ለሊቃውንት ጉባኤ ካሳየ ወዲህ ብዙ የተመረመረው ባክቴርያው ራሱ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ይህን ባክቴርያ በሰውነቱ ተሸክሞ ሲኖር፥ ከተሸካሚዎቹ ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ በዕድሜ ዘመኑ በደዌው የሚወድቅበትን ምክንያት ለማወቅ የሰውየውን ሳንባ መመርመር ያስፈልጋል።

ባክቴርያው በእስትንፋስ ወደ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች በገባ ጊዜ ማክሮፋጅ የተባሉ ህዋሳት ይውጡታል፤ ነገር ግን መዋጥ መግደል አይደለምና፥ በዋጠው ህዋስ ውስጥ ተደላድሎ ሊራባ ይችላል። ማክሮፋጁ ኢንተርሉኪን-12 የተባለውን ፕሮቲን አውጥቶ ቲ ህዋሳትን ሲያነቃ፥ እነርሱም በፋንታቸው ኢንተርፌሮን ጋማን ልከው ማክሮፋጁ የዋጠውን ያጠፋ ዘንድ ኀይል ሲሰጡት፥ ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለው ሦስተኛው ደግሞ ህዋሳቱ ባክቴርያውን እንዲከቡትና ክበቡም እንዳይፈርስ ሲያጸና፥ ያን ጊዜ ወራሪው ይታሰራል። ሐኪሞች ግራኑሎማ የሚሉት ይህ ክበብ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መካከሉ እንደ አይብ የፈረፈረ፥ ዳር ዳሩ በህዋሳት የታጠረ ነው፤ ሰውየውም አንዳች ሕመም ሳይሰማው ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል።

የእነዚህ ፕሮቲኖች ዋጋ ይበልጥ የታወቀው በጎደሉ ጊዜ ነው። የኢንተርፌሮን ጋማ መቀበያ በውርስ የጎደላቸው ሕፃናት፥ ሌላውን ሕፃን በማይጎዱ የነቀርሳ ዘመድ ባክቴርያዎች፥ አንዳንዶቹም ከነቀርሳ ሊጠብቃቸው በተሰጣቸው በቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ሳይቀር ለሞት ለሚያሰጋ ደዌ እንደሚዳረጉ እ.ኤ.አ. በ1996 ተገለጸ። ከዐምስት ዓመት በኋላ ደግሞ፥ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትን ለማስታገስ ቲ.ኤን.ኤፍን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ በታዘዘላቸው ሕሙማን ላይ ነቀርሳ መነሣቱ ተጻፈ፤ ኤች.አይ.ቪ.ም ቲ ህዋሳትን እየፈጀ ያንኑ ጥፋት በብዙ አገር፥ በእኛም ዘንድ፥ አድርሷል።

መብዛታቸውም ቢሆን አይበጅም። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የብዙዎችን ሳንባ ያቃጠለው እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ሲበዙ የሚነሣው ልክ ያለፈ የሰውነት ቁጣ ነበርና፥ ይህንኑ የሚያበርደው ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ሕሙማን ሞትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ ተረጋገጠ።

ስለዚህ ቁጣውን ማብረድ ቢያስፈልግም፥ በክበቡ ታስሮ የተደበቀ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን ሳያስመረምር ቲ.ኤን.ኤፍን የሚያግድ መድኀኒት የሚያዝ ሐኪም፥ በእኔ አስተያየት፥ ታማሚውን በድሏል፤ ታማሚውም በቤቱ ነቀርሳ የያዘው ሰው ኖሮ እንደ ሆነ፥ ባይጠየቅም እንኳ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።