ማንን ልስማ? ለራስ ሂፕኖሲስ በሚቀረጽ ቃል ውስጥ ድምፆችን ስለ መደራረብ

ባለፈው የፈተና ሰሞን ከመኝታ ቤት ጓደኞቻችን አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድርና ጧት ደብተሩን ሲገልጥ ያነበበው ሁሉ ይምታታበታል። የራስ ሂፕኖሲስ ቃል ተቀርጾለት ቢያዳምጥ እንደሚረዳው ሰምቶ ስለ ነበር እንድናዘጋጅለት ለመነን። እኛም ድምፅ ሲበዛ ኀይል ይጨምራል ብለን፣ አንዳችን «ሰውነትህ ይፍታታ» እያለ ሲያነብ፣ ሁለተኛው ከመቶ ወደ ታች ሲቈጥር፣ ሦስተኛው በሹክሹክታ ሌላ ምክር ሲናገር ቀርጸን፣ ከበስተኋላ ዝናብና ዋሽንት ጨምረን ሰጠነው። በማግሥቱ እንዴት እንዳደረ ብንጠይቀው፣ «ከሦስታችሁ ማንን ልስማ? እሱን ስመርጥ ነጋብኝ» ሲል መለሰልን።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ይህ ጥያቄ ነው። ድምፅን በድምፅ ላይ መደረብ ሰሚውን የሚረዳው መቼ ነው? የሚያውከውስ መቼ ነው? የሚል አሳብ ይዘን ያገኘነውን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሂፕኖሲስ ሲባል ብዙ ሰው አስማት ይመስለዋል። ዳሩ ግን የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ብሬይድ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነገሩ የሚሆነው ከአድራጊው በሚወጣ ስውር ኀይል ሳይሆን፣ የተደራጊው ዐይንና አሳብ በአንድ ነገር ላይ ሲተከል መሆኑን አስረድቷል። ፈረንሳዊው ኤሚል ኩዌ (1857–1926) ደግሞ ሰው አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ለራሱ ደጋግሞ በመናገር ራሱን እንዲረዳ ያስተምር ነበር። ከሁለቱም የምንረዳው የነገሩ ሥር አሳብን በአንድ ላይ መሰብሰብ መሆኑን ነው። እንግዲህ በቀረጻው ላይ የሚጨመር ማናቸውም ድምፅ፣ አሳብን ይሰበስባል ወይስ ይበትናል ተብሎ መመዘን አለበት።

ጆሮ ብዙ ድምፅ ባንድ ጊዜ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ከሁለት ከምናውቃቸው ስፍራዎች መረዳት ይቻላል። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ ፊደል ሲቈጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም እየጮኸ ሳለ የኔታ የሳተውን ለይተው ያርሙታል። እኛ በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ደግሞ መዝሙር በአራት ድምፅ ስንዘምር፣ አራቱም ወገን የሚያወጣው ቃል አንድ ነበር። በመዝሙሩ የሚበዛው ድምፁ እንጂ ቃሉ አይደለም፤ ስለዚህ ሰሚው ሳይደክም ይከተለዋል። በቄስ ትምህርት ቤቱ ግን የሚበዛው ቃሉ ራሱ ነው፤ የኔታም የሚለዩት በትጋት እንጂ በዕረፍት አይደለም። እንቅልፍ ላጣው ጓደኛችን ያዘጋጀንለት ይህን ሁለተኛውን ነበር።

እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ በ1953 ያወጣው ጥናት ይህንኑ በሙከራ ያሳያል። አንድ ሰው ያነበባቸውን ሁለት ልዩ ልዩ ጽሑፎች ባንድ ላይ ቀላቅሎ ሲያሰማ፣ ሰሚዎቹ ለመለየት እጅግ ተቸገሩ፤ ደጋግመውም መስማት ግድ ሆነባቸው። አንዱን ጽሑፍ በቀኝ፣ ሁለተኛውን በግራ ጆሮ ሲያሰማቸው ግን አንዱን በቀላሉ ተከተሉ። በሌላው ጆሮ ስለ ገባው ሲጠየቁ፣ የወንድ ድምፅ ወደ ሴት ድምፅ መለወጡን ዐወቁ፤ ቃሉን ግን ለመናገር አልቻሉም። ኔቪል ሞሬይ በ1959 እንዳሳየው ደግሞ፣ በማይከተሉት ጆሮ የራሳቸው ስም ሲጠራ ከሰሚዎቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት አስተውለውታል። ስለዚህ ሁለት ምክር ጎን ለጎን የሚነገር ከሆነ አንደኛው በከንቱ ይባክናል፤ በሁለተኛው ድምፅ ውስጥ የሰሚውን ስም ማስገባት ደግሞ ከያዘው አሳብ መጥራት ይሆናል።

ስለ በስተኋላው ድምፅ የፊዚክስ ትምህርት የሚነግረን አለ። ዌግልና ሌን በ1924 እንዳስረዱት፣ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን ይሸፍነዋል፤ ቀጭኑ ግን ወፍራሙን ያን ያህል አይሸፍነውም። በመሆኑም ከበሮ ወይም የሚያጕረመርም ባስ ከፍ ተደርጎ ሲደረብ የቃሉ ጥራት ይጠፋል። ዝናብና የወራጅ ውሃ ድምፅ አንድ ዐይነት ሆኖ ስለሚቀጥል፣ ዝቅ ከተደረገ የበር መንኳኳትንና የውሻ ጩኸትን ያለዝባል። ግጥም ያለው ዘፈን ግን ራሱ ሌላ ተናጋሪ ነው። ደግሞም እኩል ኀይል ያላቸው ሁለት ድምፆች ሲደመሩ ጠቅላላው በ3 ዴሲቤል ስለሚጨምር፣ ሁሉንም ጣራው ድረስ አድርሶ መደረብ ድምፁን ሰንጣቃ ያደርገዋል።

«ሰሚውን ማደናገሩ ራሱ ጥቅም አለው» የሚሉም አይጠፉም። በእርግጥ አሜሪካዊው ሐኪም ሚልተን ኤሪክሰን በ1964 ባወጣው ጽሑፍ ሰሚን በቃል አደናግሮ ወደ ሂፕኖሲስ ስለ ማስገባት ዘርዝሮ ገልጿል። ነገር ግን ኤሪክሰን ታካሚው ፊት ተቀምጦ፣ ፊቱንና አተነፋፈሱን እየተመለከተ ቃሉን ይለውጥ ነበር። የተቀረጸ ድምፅ ዐይን የለውም፤ ሰሚው ቢጨነቅም የተጫነውን መናገሩን አያቆምም።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባን ስውር ድምፅ ነው። በሙዚቃ ሥር ተደብቆ ጆሮ የማይለየው ምክር ወደ ልብ ይገባል እየተባለ ብዙ ቴፕ ተሽጧል። አንቶኒ ግሪንዋልድና ጓደኞቹ በ1991 ባወጡት ጥናት፣ አንዳንዱን ለማስታወስ ችሎታ፣ አንዳንዱን በራስ ለመተማመን ተብለው የተሸጡ ቴፖችን ወስደው የግማሾቹን ስያሜ አለዋወጡ። ሰሚዎቹ ከሳምንታት በኋላ ሲመረመሩ ስውሩ ቃል ያመጣው ለውጥ አልተገኘም፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ግን በስያሜው ላይ የተጻፈው እንደ ተሻሻለላቸው አመኑ። ገንዘቡንና ተስፋውን የሚያወጣ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህ በላይ ከተመለከተው ተነሥተን ለሚቀርጽ ጓደኛ የምንመክረው ይህ ነው። አንድ ተናጋሪ ብቻ ዋና ይሁን። ሁለተኛ ድምፅ ቢፈለግ፣ ዋናው ዝም ባለበት ይመልስለት፤ ወይም አንዱን አጭር ቃል ዐብሮት ይበል። የበስተኋላው ድምፅ ከንግግሩ ቢያንስ በ15 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፤ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ቀስ ብሎም ይውጣ፤ ድንገት መቋረጡ ሰሚውን ያስደነግጣልና። እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ተቀርጾ በኋላ ቢደረብ፣ የበዛውን መቀነስ ይቻላል፤ ይህን ዛሬ በእጅ ስልክ እንኳ መሥራት አያስቸግርም። በተረፈ መኪና በሚነዱበት ጊዜ ይህን ማዳመጥ አይገባም፤ ሕመም ያለበትም ሰው ቀረጻውን በሐኪም ምትክ አይቍጠረው።

እኛም የመጀመሪያውን ሥራችንን ትተን፣ በአንድ ድምፅና በራቀ ዝናብ ብቻ ሌላ ቀረጽንለት፤ በውስጡ የተደበቀ ቃል አለመኖሩንም ነገርነው። ከመቶ ወደ ታች ስንቈጥር ሰባ ሦስት መድረሳችንን እንደሚያስታውስ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንዳልሰማ ነገረን። የአንድ ሰው የአንድ ሌሊት ነገር ስለ ሆነ ይህን እንደ ማስረጃ አናቀርበውም። ያስተማረን ግን አለ፤ ሰውን ለማሳረፍ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ሌሎቹን ዝም ማሰኘት አለበት። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኙ መምህራንና ጓደኞች ቢያርሙን በምስጋና እንቀበላለን።