ሂሣቡ ገጥሞ ቡናው ሲጠፋ

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት እሸት ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ሚዛን ላይ ይወጣል። ቀድሞ አቅራቢው የሚጠየቀው ክብደት፣ ደረጃና ዋጋ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ምንጠራ መከላከያ ሕግ ግን የአውሮፓው ገዢ ቡናው የተለቀመበትን ማሳ መገኛ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ጥያቄው በላኪው በኩል አቅራቢው ዘንድ ይደርሳል። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቅ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ሆኗል።

ለዚህ ሥራ የሚገዛው ሶፍትዌር በተናጠል የሚጫኑ ክፍሎች ሊኖሩት ይችላል፤ የገበሬ መዝገብ፣ ሚዛን፣ መጋዘንና ሂሣብ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የሚዛኑ ክፍል ታድሶ የመጋዘኑ አሮጌ ሆኖ ከቀረ፣ የማሳው ቁጥር ጆንያውን ሳይከተል ሊቀር ይችላል። ሂሣቡ ይገጥማል፤ ቡናው ግን ምንጩ ያልታወቀ ይሆናል።

ስለዚህ ክፍሎቹ እንደ አንድ ዕቃ አብረው ይጫኑ፤ አብረውም ይታደሱ። የእያንዳንዱ ስሪት ቁጥር ተመዝግቦ ኃላፊነቱ ለአንድ ሰው ይሰጥ። ከእድሳት በፊት የመረጃው ቅጂ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። ሙከራውም በነሐሴ፣ ሚዛኑ ሥራ ሳይበዛበት ይከናወን። በጥቅምት የተበላሸ ፕሮግራም ወረፋ የያዘውን ገበሬ ወደ ጎረቤት ሚዛን ይሰድዳል።