ድምፁ የደከመው የእሳት ማስጠንቀቂያ

የተኛ ሰው የጭስ ሽታ ይቀሰቅሰዋል ብለው የሚታመኑ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አፍንጫ በእንቅልፍ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይተኛል፤ በር ጠባቂ ሆኖ የሚያድር ጆሮ ነው። ስለዚህም ሰው ከጥንት ጀምሮ ለአደጋ ጊዜ የመረጠው ድምፅን ነው። ከአምቦ ተነሥቶ በጉደር በኩል ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ መንገደኛ የሚያገኛት ጌዶ በከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ከአንዱ ጓሮ «እሪ!» ወይም በኦሮምኛ «ኢያ!» የተባለ እንደ ሆነ ጎረቤት ውኃውን በባልዲ፣ አፈሩን በአካፋ ይዞ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን ደወልም ያለ ሰዓቱ ሲደወል የሰማ ሁሉ አንድ ነገር መድረሱን ያውቃል። የአዲስ አበባ ነዋሪ 939 ደውሎ የእሳት አደጋ መኪና ሊጠራ ይችላል፤ ከዋና ከተማው የራቀ ቤተሰብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታመነው በገዛ ጆሮውና በጎረቤቱ ነው።

ይኸን የጩኸት ሥራ ለኤሌክትሪክ ማስተላለፍ የተጀመረው በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 ዊልያም ቻኒንግና ሞዝስ ፋርመር በቴሌግራፍ ሽቦ የእሳት ወሬ የሚያስተላልፍ ሥርዓት አቆሙ። ዛሬ በየቤቱ ኮርኒስ ላይ የምትሰቀለው፣ ጭስ ሲደርስባት የምትጮኸው ክብ ዕቃ የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ናት። እንግዲህ ይህች ዕቃ በውጭ አገር ካለ ዘመድ የተላከች፣ ወይም ከአሮጌ ሕንፃ የተነቀለች ሆና ድምፅዋ ቢደክም ምን ይደረጋል?

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ማስጠንቀቂያ የሌለው ቤት ሌሊቱን ተጠንቅቆ ያድራል፤ ምድጃውን ሳያዳፍን፣ ኩራዙን ሳያጠፋ አይተኛም። ማስጠንቀቂያ አለኝ የሚል ግን ተማምኖ ይተኛል። ያ የተማመነበት ዕቃ በሹክሹክታ የሚናገር ከሆነ፣ ባይኖረው ይሻለው ነበር ማለት ነው።

አስቀድሞ ድካሙን መመርመር ይገባል። በየደቂቃው አንድ ጊዜ «ጪጭ» እያለ ዝም የሚል መሣሪያ ድምፁ ደክሞ ሳይሆን ባትሪው ማለቁን እየነገረ ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ሊነጋ ሲል ይጀምራል፤ ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ ነው፤ የጌዶ ሌሊት ደግሞ ብርዱ የታወቀ ነው። የመሞከሪያው ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ድምፁ ካነሰ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሙከራውም እንዲህ ይሁን፤ አንዱ ቁልፉን ሲጫን ሌላው መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ያዳምጥ። ከመሣሪያው ሥር ቆሞ «ይጮኻል» ማለት ራስን ማታለል ነው። የቤት መሣሪያ በ3 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል ያህል እንዲጮኽ ይጠበቅበታል፤ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በገላጣ ቦታ 6 ያህል ይቀንሳል፤ የተዘጋ በር ደግሞ የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ በቴስተር ሲለካ ከ8 በታች ካሳየ ይለወጥ፤ ባትሪው የሚነካቸው ብረቶች በክረምቱ እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ይዘው እንደ ሆነም ይጠረጉ። ከዚያ በኋላ የድምፁን መውጫ ቀዳዳ ማየት ነው። የጥላሸት፣ የአቧራ፣ የሸረሪት ድር ወይም የቀለም ክምችት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ውኃና ሳሙና ግን አይቅረብ።

ጩኸቱን የሚሰጠው ከስስ የናስ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የሸክላ ዓይነት ቁራጭ ነው። ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች በ1880 (እንደ አውሮፓውያን) አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አገኙ፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ኤሌክትሪኩ ሰሌዳውን ያንቀጠቅጠዋል። ሰሌዳው ብቻውን ድምፁ ትንሽ ነው፤ የሚያጎላው ከፊቱ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ነው፤ ሆዱ የተቀደደ ከበሮ እንደማይጮኽ ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ ክዳኑ በሚገባ ያልገጠመ መሣሪያ ይደክማል፤ ክዳኑን ከፍቶ የሚሞክርም ጤናማውን ታማሚ ነው ብሎ ይፈርዳል።

ከትልልቅ ሕንፃዎች የሚወጣው አሮጌ ዓይነት ግን እንደ ሬዲዮ ያለ የወረቀት ድምፅ ማጉያ አለው። በቴስተር ሲለካ ባለ 8 ኦሙ ከ6 እስከ 7 ያህል ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ወረቀቱን በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ሲገፉት ከፈገፈገ ጥቅልሉ ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነው። ሁለት ማጉያዎች ጎን ለጎን ሆነው የአንዱ ሽቦ ከተገለበጠ ደግሞ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋዋል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን የመጠባበቂያው ባትሪ ነው፤ ቻርጅ ላይ ሳለ ሲለኩት ሙሉ ይመስላል። መብራቱ ተቋርጦ ጥቂት ደቂቃ ካስጮኹት በኋላ ቢለኩት እውነቱን ይናገራል፤ ጭነት ሲበዛበት እንደሚተኛ በቅሎ ነው።

ዕድሜውን ማየትም አይቀርም። በጀርባው የተጻፈው የተሠራበት ዓመት 10 ካለፈው መጠገን ከንቱ ድካም ነው፤ ጩኸቱ ቢመለስ እንኳ የጭስ ስሜቱ ደክሟልና። በአንዳንዶቹ ውስጥ አሜሪሲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር በጥቂቱ ስላለ ያንን ክፍል በካቻቢቴ መፈልቀቅ ፈጽሞ አይገባም።

መሣሪያው ጤናማ ሆኖ ሳለ የሚደክምበት ሰውም አለ። ሰው ሲያረጅ አስቀድሞ የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ተራው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የሚጮኸው በሴኮንድ 3,000 ያህል በሚንቀጠቀጥ ቀጭን ድምፅ ነው። በ520 የሚንቀጠቀጠው ወፈር ያለ ድምፅ አረጋውያንንና እንቅልፈኛ ሕፃናትን ይልቅ እንደሚቀሰቅስ በምርመራ ታውቋል። አያት ባሉበት ቤት ሙከራው የሚደረገው በእርሳቸው ጆሮ ነው።

ለብርድ ሲባል መኝታ ቤት የሚገባው ከሰል ግን ለዚህ መሣሪያ አይታየውም። የጋመ ከሰል ጭሱ ጥቂት ነው፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ዝም ይላል፤ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።

አዲስ መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ፣ በየትምህርት ቤቱ እንደ ደወል የሚሰቀለውን ዓይነት አሮጌ የመኪና ቸርኬ ከደጅ አጠገብ ሰቅሎ መምቻ ብረቱን ከጎኑ ማሰር ይቻላል፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ጎረቤትም ይሰማዋል።