የስንቅ ሰልፍ

ሌሊት ተነስታ የሠራችው ወጥ በምሳ ዕቃው ውስጥ አለ፤ እንጀራው በላስቲክ ተጠቅልሏል። ተራዋ ሲደርስ ክዳኑን ትከፍታለች። ፈታሹ ወጡን በማንኪያ ያማስላል፣ እንጀራውን እየገለጠ ያያል፣ ከዚያ «ቅመሺው» ይላታል። እናት ለልጇ የሠራችው ምግብ መርዝ እንደሌለበት በገዛ አፏ ታረጋግጣለች።

እስር ቤት በር ላይ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለ ፖለቲካ እስረኞች ሲጻፍ ግን የሚነሳው ክሱና ችሎቱ ነው፤ የስንቅ ሰልፉን የሚያነሳው ጥቂት ነው። እኔ የአገራችንን የእስር ታሪክ ከዚያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። መንግሥት አንድ ሰው ሲያስር የሚቀልበው ቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡም አብሮ ይታሰራል።

የአዲስ አበባውን የድሮ እስር ቤት፣ ከርቸሌን፣ እናስታውስ። «ዓለም በቃኝ» በሚባለው ክፍሉ ጣሊያን ኢትዮጵያውያንን አጉሮበታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል የንጉሡን ሹማምንትና ሌሎች ሰዎችን ያስረሸነው በዚሁ ግቢ ነው። ቀይ ሽብር ሲመጣ ደግሞ የየቀበሌውና የየከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሁሉ እስር ቤት ሆነ። ያኔ ለቤተሰብ የሚነገር ነገር አልነበረም። ወሬ የሚያመጣው ሳህኑ ነበር። ባዶውን ከተመለሰ ልጁ በልቷል፣ ስለዚህ አለ። ለእጥበት የወጣው ሸሚዝ ላይ ደም ካለ ሌሊቱን ተገርፏል። እናት ሸሚዙን ስታጥብ ከእድፉ ጋር የልጇን ሁኔታ ታነብ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ይባላል። መርዶው ያ ነው። ቀን አይነገርም፣ መቃብር አይታይም፤ ለቅሶም ተከልክሎ ነበር።

ከርቸሌ ዛሬ የለም። ግቢው ፈርሶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጠ፤ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት ጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ዓመት ግን ሰልፉ በቃሊቲ እስር ቤትና ማዕከላዊ በሚባለው የፖሊስ ምርመራ ቦታ በር ላይ ነበር።

የኢሕአዴግ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ፖሊስ ተጠርጣሪን በ28 ቀናት ቀጠሮ እያራዘመ ያለ ክስ እስከ አራት ወር እንዲያቆይ ይፈቅድ ነበር። ማዕከላዊ ውስጥ እነዚያ ወራት «ሳይቤሪያ» በሚሉት ቀዝቃዛ ክፍል ወይም በጨለማ ቤት ያልፉ ነበር። ሻል ያለውን ክፍል እስረኞቹ «ሸራተን» ብለውታል። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ምሳውን ያቀብል ነበር እንጂ ሰውየውን አያይም ነበር። ቃሊቲ የነበረችው ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ በ2006 መጀመሪያ የጠያቂዎችሽን ስም ዝርዝር አምጪ ስትባል አሻፈረኝ ብላ የረሃብ አድማ መታች። የእስር ቤቱ ሰዎች ሰልፉ ራሱ መሣሪያ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማን እንደሚመጣ ማወቅና ማን እንዳይመጣ መከልከል ይፈልጋሉ።

የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ከበሩ ውጭ የቆመውም እስረኛ መሆኑ ገብቷቸው ነበር። ቃሊቲ ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለነው እኛ ነን ብለው ስሙን አወጡ። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ተይዘው ማዕከላዊ ገቡ፤ ስንቅ ሲያቀብሉ የነበሩት ስንቅ የሚቀበሉ ሆኑ።

ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ማዕከላዊ ተዘግቶ ሙዚየም እንደሚሆን ሲናገሩ ብዙዎች አለቀሱ፤ እኔም ያኔ ደስታዬ ከልብ ነበር። በሩ ተዘጋ፣ ከዓመት በላይ ቆይቶም ለጎብኚ ተከፈተ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የፓርላማ አባሉ ክርስቲያን ታደለና ጋዜጠኞች ከታሰሩ በኋላ ግን ሌላ ስም መስማት ጀመርን፤ አዋሽ አርባ። በአፋር በረሃ ያለ ወታደራዊ ካምፕ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዚያ ሙቀት ወጥ ጭኖ መሄድ አይታሰብም። በየቀኑ በሩ ላይ መቆም ደግሞ ጨርሶ አይቻልም። ከርቸሌ ቢያንስ ከተማው መሀል ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ለእስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በወዳጁ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ይሰጣል። ሰው በሌሊት ሲወሰድ ግን ጠዋት ቤተሰቡ የሚያደርገው ያው የድሮው ነው። ምሳ ዕቃ ይቋጥራል፣ ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው ይዞራል። «እዚህ የለም» ሲሉት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ምግቡን የሚቀበለው በር እስኪገኝ ድረስ።