አሮጌውን የድምፅ መቅጃ መኪና በቤት ስለ መጠገን

ድምፅ በክር የሚቀዳበት ባለሁለት መንኰራኵር መኪና ዛሬ ከገበያ የራቀ ቢሆንም፥ ክሩ በአንዳንድ ቤት በሣጥን ተቀምጦ ይገኛል። በዚህም ክር ላይ ያረፈ አባት ምክር፥ የሠርግ ዘፈን ወይም የሕፃን ሳቅ ተቀድቶ ይሆናል፤ ሌላ ቅጂ ከሌለውም አንድ ጊዜ ከተበላሸ አይመለስም። ስለዚህ ለመስማት የሚቸኵል ሰው አስቀድሞ መኪናውን ሊመረምር ይገባዋል።

ይህ ጥበብ የተስፋፋው ከጀርመን አገር ነው። ፍሪትዝ ፍሎይመር በ1928 እ.ኤ.አ. የብረት ዱቄት በተለበጠ ወረቀት ላይ ድምፅ የመያዝን ብልኀት አስመዘገበ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማግኔቶፎን የተባለው መኪና በበርሊን ለሕዝብ ታየ። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የስዊስ አገሩ ሬቮክስ ኤ77 ዛሬም በየቤቱ ከሚጠገኑት አንዱ ስለ ሆነ፥ እርሱን ምሳሌ እናድርግ።

ይህ መኪና ሦስት ሞተር አለው፤ ተራው ዓይነት ክሩን በሰከንድ 9.5 ወይም 19 ሳንቲ ሜትር ያስኬዳል። በዘመን ብዛት ቶሎ የሚያረጀው ካፓሲተር የተባለው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ነው፤ ተሰንጥቆ ሊጨስ ስለሚችል፥ መኪናው ሳይሞከር በፊት በአዲስ ቢለወጥ ይሻላል። ነገር ግን መሰኪያው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላልና፥ ሙያውን የማያውቅ ሰው ክዳኑን አይክፈት፤ ለባለሙያ ይስጥ።

ጽዳቱ ግን ለማንኛውም ቤተ ሰብ የሚቻል ሥራ ነው። መኪናው ከጠፋ በኋላ፥ ክሩ የሚያልፍባቸውን ብረቶችና ሄድ የሚባሉትን ድምፅ ተቀባዮች አልኮል በነካ ጥጥ ቡናማው እድፍ እስኪለቅ ድረስ ማጽዳት ነው። ከዚያም በሄዱ ላይ የተጠራቀመው የማግኔት ኀይል በልዩ መሣሪያ ይወገዳል። በዚህ ጊዜ ክር ሁሉ ይራቅ፤ መሣሪያው የተቀዳውን ድምፅ ያጠፋልና።

ቁናው ሳይስተካከል እህል በትክክል እንደማይሰፈር፥ ሄዱም ቀጥ ብሎ ካልቆመ ድምፁ አይጠራም፤ በጥቂቱ ቢያዘነብል ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ስለዚህ በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የተቀዳበት መለኪያ ክር እየተሰማ፥ የሄዱ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል፤ ድምፁ ከሁሉ በበረታበት ስፍራ ይቆማል። አስቀድሞ የማሰሚያው፥ ቀጥሎ የመቅጃው ወገን ይስተካከላል፤ መቅጃው የሚመዘነው በማሰሚያው ነውና።

በመጨረሻ መኪናው ዋጋ በሌለው ክር ይሞከር፤ ሳይጐትትና ሳይበጥስ ካስኬደ ያን ጊዜ ውዱ ክር ይጫን። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ክሮች አንዳንዶቹ እርጥበት ስበው ይጣበቃሉ፤ እንዲህ ያለው በግድ አይሳብ፤ በለዘብታ ሙቀት የሚያደርቀው ባለሙያ ይፈለግ። በሚሰማበትም ጊዜ የመቅጃው ቁልፍ ከቶ አይነካ፤ ድምፁም በዚያው ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥ።

እንግዲህ የአያቱን ቃል ለልጅ ልጁ ለማሰማት የሚወድ ሁሉ፥ ያንድ ቀን ትዕግሥት የብዙ ዘመን ቅርስ እንደምታድን ይወቅ።