ለበጎ ዓላማ የተቋቋመ የቴክኖሎጂ ድርጅት ወደ ንግድ ሲዞር

ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ባለአክሲዮን የለውም። መሥራቾቹና ቦርዱ ሀብቱን ያስተዳድራሉ፣ ለጋሾች ያዋጣሉ፤ ትርፍ ግን አይከፋፈሉም። ሀብቱ ለዓላማው የተሰጠ ነው። ድርጅቱ ወደ ንግድ ኩባንያ ልዙር ሲል ሙግት የሚነሣውም ለዚህ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የተሰበሰበው ሀብት በምን ዋጋና በማን ፈቃድ ወደ ባለሀብቶች እጅ ይገባል?

በሰፊው የታወቀው ጉዳይ የኦፕንኤአይ ነው። ሳም አልትማን፣ ኢሎን ማስክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሲመሠርቱት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሰው ልጅ ሁሉ እንዲጠቅም የሚሠራ ድርጅት አድርገው ነበር። ምርምሩ የሚጠይቀው ወጪ ግን በልገሳ ብቻ የሚቻል አልሆነም። በ2019 በሥሩ ባለሀብት የሚያስገባ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለሀብቶች የሚያገኙት ካዋጡት ከመቶ እጥፍ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደረገ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ይዞ ገባ።

በ2018 ከቦርዱ የለቀቁት ማስክ በየካቲት 2024 በካሊፎርኒያ ክስ መሠረቱ። በሰኔ አነሡት፤ በነሐሴ ደግሞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰዱት። ገንዘብ የሰጡት ድርጅቱ ለትርፍ እንደማይሠራ አምነው እንደነበር ተከራከሩ። ኦፕንኤአይ በበኩሉ ማስክ ራሳቸው ኩባንያ የማቋቋሙን ሐሳብ ይደግፉ እንደነበርና በኋላ የተፎካካሪ ድርጅት ባለቤት መሆናቸውን ጠቀሰ። በየካቲት 2025 በማስክ የሚመራ ቡድን ለድርጅቱ 97.4 ቢሊዮን ዶላር አቀረበ፤ ቦርዱ አልተቀበለውም። በመጋቢት ደግሞ ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ወደ ንግድ ኩባንያ መዞሩን የሚያስቆም ጊዜያዊ እግድ ሳይሰጡ ክርክሩ እንዲቀጥል አደረጉ።

በአሜሪካ ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችን ሀብት በሕዝብ ስም የሚጠብቀው የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው። የደላዌርና የካሊፎርኒያ ዐቃቤያነ ሕግ ከድርጅቱ ጋር ከተደራደሩ በኋላ፣ በጥቅምት 2025 አዲስ አደረጃጀት ጸደቀ። በጎ አድራጎቱ ፋውንዴሽን ሆኖ የኩባንያውን 26 በመቶ ገደማ ያዘ፤ የኩባንያውን ቦርድ የመሾም ሥልጣንም አልተወሰደበትም። የማይክሮሶፍት ድርሻ 27 በመቶ ገደማ ሆነ።

ለሕዝብ ጥቅም ለተሰበሰበ ሀብት እንዲህ ዋጋ መክፈል ቀድሞም የነበረ መንገድ ነው። የጤና መድን ሰጪው የካሊፎርኒያ ብሉ ክሮስ ወደ ንግድ ሲዞር፣ ሀብቱ በ1996 ለተቋቋሙ ሁለት የጤና ፋውንዴሽኖች ተላለፈ። ሽያጩ ጨርሶ የቀረበት ጊዜም አለ። የ«ዶት ኦርግ» የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተዳድረው ተቋም በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ለባለሀብቶች ሊሸጥ ሲል፣ የካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ሥጋቱን ገለጸ፤ አይካን የተባለው የኢንተርኔት አድራሻዎች ተቆጣጣሪም በሚያዝያ 2020 ከለከለው።

በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበርን ሲተረጉም ትርፍ ማግኘትንና መከፋፈልን ከዓላማው ያወጣል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኩባንያ እንዲያቋቁሙ ወይም አክሲዮን እንዲገዙ ይፈቅዳል፤ ገቢው ግን ለዓላማቸው ይዋል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ወጣቶችን ኮምፒውተር የሚያስተምር ማኅበር ቢኖር፣ ሥራው በኦሮሚያ ብቻ ከሆነ በክልሉ ሕግ ይተዳደራል። ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ከሆኑት ከእነዚህ ከተሞች አልፎ በአዲስ አበባም ከሠራ ግን ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይሄዳል። መሥራቾቹ ማስተማሪያ ሶፍትዌሩን ሸጠው ገንዘቡን ቢካፈሉት ሕግ ይጥሳሉ፤ ማኅበሩ ኩባንያ አቋቁሞ ትርፉን ለሥልጠናው ቢያውለው ግን የተፈቀደ ነው።

ለዚህ ቅርብ የሆነ የአገር ውስጥ ምሳሌ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አመልድ በተባለው የልማት ድርጅት ውስጥ የብድር ፕሮግራም ሆኖ ተጀመረ፤ በ1997 አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ በ2022 ደግሞ ጸደይ ባንክ ተባለ። አመልድ ራሱ ወደ ነጋዴነት አልተለወጠም፤ የብድር ሥራው ከእሱ ተለይቶ ወጣ፣ እሱም ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ ሆነ። ኩባንያው ሲያድግ በጎ አድራጎቱ ድርሻውን ይዞ የሚቀጥልበት መንገድ ይህ ነው።