ላይፍ ጃኬት፦ ገመዱ መቼ ይሳባል?

ከድሬዳዋ ሰሜን ምሥራቅ በቆላው ያለችው ጀልዴሳ ባሕር ባይኖራትም እንጀራዋን ያገኘችው ከባሕር መንገድ ነው። ከዘይላ ወደብ በግመል የመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ የቅፍለቱ ንግድ ተዳከመ። ዛሬ የአካባቢው ሰው ባሕር ሲያምረው ጅቡቲ ይወርዳል፤ ልጆቹን ይዞ በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት የሚሻገርም አለ። ዋና ሳይማር ላደገ ሰው በዚያ ጀልባ ላይ ትልቁ አለኝታ ላይፍ ጃኬት ነው። ሲያዩት ቀላል ነው፤ አጠቃቀሙ ግን የነፍስ ጉዳይ መሆኑን አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራለች።

የሰው አካል ክብደት ከውኃ ጋር ስለሚቀራረብ አፍና አፍንጫን ከውኃ በላይ ለማቆየት ጥቂት እገዛ ይበቃል። የጀልባው ጃኬት ውኃ በማይመጥ ስፖንጅ የተሞላ ስለሆነ መነፋት አያሻውም። በአውሮፕላን ወንበር ሥር የሚገኘው ቢጫው ግን ታጥፎ የተቀመጠ ባዶ ከረጢት ነው። ገመዱ ሲሳብ በትንሽ ሲሊንደር የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅና በሰከንዶች ውስጥ ይሞላዋል። ሲሊንደሩ ካልሠራ በአፍ የሚነፋበት ቱቦ አለው፤ ውኃ ሲነካው የሚበራ አምፖልና ፊሽካም አብሮት ይገኛል። አየሩ ደረትና አንገት ላይ የሚበዛው ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው ገልብጦ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያደርግ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ በሦስት ወጣቶች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አላመኑትም። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ፣ ካፒቴኑና ረዳቱ ዮናስ መኩሪያ ቦይንግ 767ቱን በኮሞሮስ ደሴት፣ ለ ጋላዋ ከተባለው የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት ባሕር ላይ አሳረፉት። የግራው ክንፍ አስቀድሞ ውኃውን ሲመታ አውሮፕላኑ ተሰባበረ። ለዕረፍት መጥተው አሸዋው ላይ የነበሩ እንግዶች፣ ጠላቂ ዋናተኞችና የደሴቲቱ ነዋሪዎች በጀልባ ደርሰው የተረፉትን አወጡ፤ በዕረፍት ላይ የነበሩ ሐኪሞችም ቁስለኞችን ረዱ። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ። ሁለቱም አብራሪዎች ከተረፉት መካከል ነበሩ፤ ለሙያ ብቃታቸውም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ከሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል፤ የገደላቸው ለመትረፍ መቸኮላቸው ነውና። አውሮፕላኑ ውኃ ሲሞላ መውጫው በር ከውኃ በታች ይሆናል። ያልተነፋ ጃኬት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ጠልቆ ሊወጣ ይችላል። የተነፋው ግን ወደ ጣሪያው ይገፋዋል፤ ቢታገልም ወደ ታች መውረድ አይችልም። አስተናጋጇ ከበረራ በፊት ገመዱን በሩ ላይ ስትደርሱ ብቻ ሳቡ የምትለው ለዚህ ነው። ብዙ መንገደኛ ያን ጊዜ ስልኩን ያያል።

ማዕበል ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞችም ብዙውን ጊዜ ላይፍ ጃኬት የማይለብሱት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ትልቅ ማዕበል ሲመጣባቸው ከሥሩ ጠልቀው ማሳለፍ አለባቸው። የሚንሳፈፈው ሰሌዳቸው በገመድ ከቁርጭምጭሚታቸው ታስሮ አብሯቸው ይቆያል።

ጃኬቱ ሁሉን አያድንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ፣ ድንጋይና ግንድ እያላጋ የሚወርድን ጎርፍ ጃኬት አይመክተውም ነበር፤ ከዚያ የሚያድነው ቀድሞ ከወንዙ መራቅ ነው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን በተጨናነቀ ጀልባ የሚሻገሩት ወጣቶቻችን ግን ጃኬት ቢኖራቸው ስንቱ በተረፈ! ደላሎች ሰው እንጂ ጃኬት አይጭኑም።

ቤተሰብ ይዞ ጀልባ የሚሳፈር ሰው ጃኬቱን ከመነሳቱ በፊት ያስርላቸው፤ ውኃ ውስጥ ማሰር እጅግ ከባድ ነው። የልጅ ጃኬት ልኩ የሚታወቀው ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ነው። አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነውና ይለወጥ። በእግሮቹ መካከል የሚያልፈው ቀበቶም ይታሰር፤ አለበለዚያ ልጁ ውኃ ሲገባ ጃኬቱ ብቻውን ይንሳፈፋል።